«በተለያዩ ግዳጆች»
ስለ አንድ የድሬዳዋ አባወራና ወታደር



አዳራሹ ሞቋል፤ ከሦስቱ ማራገቢያ የሚዞረው አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም፤ የዕድር ጸሐፊ ነኝ። በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ። ጡሩምባው ተነፍቶ ድንኳኑ ሲተከል፣ ንፍሮው ሲጣድ፣ አንድ ሰው እኔን ፍለጋ ይመጣል። «የሕይወት ታሪካቸውን ጻፍልን፤ ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ነው» ይለኛል። አንድ ሙሉ ዕድሜ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ገጽ፣ ያውም ለቅሶተኛው ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለሚሰማው ከአምስት ደቂቃ ሳይበልጥ። ልማዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው ሐረርጌ ክፍለ ሀገር ልዩ ስሙ እንዲህ በተባለ ቦታ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ተማሩ። ባለትዳርና የስድስት ልጆች አባት ነበሩ። ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው... የቀረውን እናንተው ትጨርሱታላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዓመታት በፊት ቀፎውን ጽፌ አስቀምጬዋለሁ፤ ስምና ቀን ብቻ ነው የምቀይረው።

ከነዚህ ሁሉ ወረቀቶች አንዱ ግን አሳፍሮኛል። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ እሱ ነው።

የጎረቤታችን ሽማግሌ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ «ባሻ» ይላቸዋል። ቤተሰቡ ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ ስላልፈለገ እኔም አልጠራም። ሰባዎቹን አጋምሰው ነው ያረፉት። ያን ምሽት እንደ ልማዴ ጻፍኩና ለትልቋ ልጃቸው እንድታየው ሰጠኋት። ቆማ አነበበች። «በውትድርና ሙያ ተሰማርተው በተለያዩ ግዳጆች አገራቸውን በታማኝነት አገልግለዋል» የምትለው ጋ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈች።

«ጋሼ፣ የተለያዩ ግዳጆች ማለት የትኞቹ ናቸው?»

ዝም አልኩ። ከባሻ ጋር ሃያ ዓመት አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጫለሁ። ሻይ ተጋብዘናል፣ ዳማ ተጫውተናል፣ በመብራት መጥፋት አብረን ተማረናል። አንድ ቀን «ባሻ፣ የት ነበሩ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እሷም አልጠየቀቻቸውም፤ እናቷም ብትሆን ነገሩን የምታውቀው በወሬ ወሬ ነው። ጠዋት ወረቀቱ እንዳለ ተነበበ። ለቅሶተኛው ራሱን ነቀነቀ፣ አፈሩ ተመለሰ፣ ወደ ድንኳኑ ሄድን።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። ዱሮ፣ የሕይወት ታሪክ በወረቀት ከመነበቡ በፊት፣ ይህን ሥራ የምትሠራው አስለቃሿ ነበረች። የትልቅ ሰው ለቅሶ ላይ የሟቹ ፈረስ ከነኮርቻው ይቀርባል፤ ጋሻና ጠመንጃው ይወጣል፤ አስለቃሿ ሙሾ ታወርዳለች። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አስለቃሽ ባዶ አፏን አትመጣም። ለቅሶው ከመጀመሩ በፊት ከዘመድ አዝማዱ ትጠይቃለች። የት ዘመተ? ከማን ጋር? ማንን ከሞት አወጣ? ምን ቀረበት? ስሙን ካልጠራች፣ ቦታውን ካላነሳች፣ የማንም እንባ አይመጣም። እኛ የዕድር ጸሐፊዎች ወረቀትና እስኪርብቶ ይዘን ከእሷ ያነስን ታሪክ ጸሐፊዎች ሆነናል። እሷ የፈረሱን ስም ሳይቀር ትጠራ ነበር፤ እኔ የሰውየውን ክፍለ ጦር አላወቅኩም።

የፈረስ ስም ካነሳሁ አይቀር፣ ይህች ከተማ ከወታደር ጋር ያላትን ዝምድና በአንድ የፈረስ ስም ላሳያችሁ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም የባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። የያኔው የሐረር ገዢ ራስ መኮንን ሲሆኑ፣ ስማቸው በፈረሳቸው «አባ ቃኘው» ነበር። ከ48 ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1943፣ ወደ ኮሪያ የሚዘምተው የክቡር ዘበኛ ሻለቃ በዚያው ስም «ቃኘው» ተባለ። ወታደሮቹ ከአዲስ አበባ ተሳፍረው በዚሁ ሐዲድ፣ በዚችው በእኛ ለገሀር በኩል አልፈው ጅቡቲ ወረዱ፤ ከዚያ የአሜሪካ መርከብ ይዟቸው ፑሳን ደረሰ። የራስ መኮንን ፈረስ ስም ከሐረር ተነሥቶ ምሥራቅ እስያ ገባ ማለት ነው።

ከኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የሄዱት በየተራው ከ6 ሺህ በላይ ናቸው፤ ከ120 በላይ ሞተዋል። አንድም ሰው ለጠላት ምርኮኛ አልሰጡም ይባልላቸዋል። ሲመለሱ በክብር ተቀበሏቸው። ከ1966 በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደርግ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆነ፤ በደቡብ በኩል የተዋጋ ሰው ኒሻኑን ደረቱ ላይ ማድረጉ ቀርቶ ሣጥን ሥር መደበቅ ያዘ። ዘመን ደግሞ ተገለበጠ፤ ደቡብ ኮሪያዎች ሽማግሌዎቹን ፈልገው መጡ። ቹንቾን በምትባለው ከተማቸው ለኢትዮጵያውያን ዘማቾች የመታሰቢያ አዳራሽ ሠሩ፤ አዲስ አበባ አፍንጮ በር ላይም ሐውልት ቆመ። እንግዲህ አስቡት። ያው አንድ ሰው፣ ያው አንድ ኒሻን፣ በአንድ ዕድሜ ውስጥ ጀግና ነው፣ ከዚያ ተጠርጣሪ ነው፣ ከዚያ እንደገና ጀግና ነው። እንዲህ ያለ ሰው ልጁን አስቀምጦ ቢያጫውት ከየትኛው ይጀምርለታል? ሽማግሌዎቻችን ለምን ዝም እንደሚሉ ሲጠየቅ ብዙ ሰው «ጦርነት ክፉ ስለሆነ ማስታወስ አይፈልጉም» ይላል። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ የትኛውን ወሬ ለማውራት እንደተፈቀደላቸው እርግጠኛ አለመሆናቸው ነው።

ወደ ባሻ ልመለስ።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሦስት አራት ሰው ቀርቷል። ከባሻ ጋር ከዚራ ሻይ ቤት በየቀኑ ይቀመጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሶማሌ ናቸው፣ ሐጂ እንላቸዋለን። በድሮው ባቡር ከጅቡቲ ዕቃ ያመላልሱ ነበር፤ ቀረጡን ከፍለው ወይስ ሳይከፍሉ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ልጅቷ ቡና ስታቀርብላቸው ስለ ወረቀቱ አነሣችና እንደ ቀልድ አድርጋ «ጸሐፊያችን እንኳ አያውቁም» አለች። ሐጂ ሲኒውን አስቀመጡ።

«እኔ አውቃለሁ» አሉ።

ሁላችንም አየናቸው።

«ነሐሴ 11 ሌሊት ሲሚንቶ ፋብሪካው አካባቢ ምሽግ ውስጥ ነበር። እኔ ከማዶ ነበርኩ።»

ታሪኩን ለማታውቁት ልጆች ልናገር፦ በሐምሌ 1969 የሶማሊያ መደበኛ ጦር ድንበር ተሻግሮ ኦጋዴንን ያዘ። በነሐሴ አጋማሽ በታንክና በመድፍ ድሬዳዋ ላይ መጣ። ከተማዋ ከተያዘች ሐዲዱም አውሮፕላን ማረፊያውም አብረው ይሄዳሉ። ውጊያው እስከ ሲሚንቶ ፋብሪካው ተጠግቶ ነበር፤ ከተማው ውስጥ ጥይት ወድቋል። ሲነጋ አየር ኃይላችን ደረሰ፤ ኤፍ 5 ተዋጊ አውሮፕላኖች ታንኮቹን አገኟቸው፣ ጥቃቱም ተመለሰ። ድሬዳዋ አልተያዘችም። በመስከረም 1970 ግን ጅጅጋ ወደቀች፤ የተመለሰችው የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ከተደረገው ድል ጋር ነው። የካራማራን ድል በየዓመቱ ስለምናስበው ቀኑን እናውቀዋለን። ያን ሌሊት ምሽግ ውስጥ ማን ከማን አጠገብ እንደነበረ ግን የበዓል ንግግር ውስጥ አይገኝም።

ሐጂ ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከገጠር ሰብስቦ ያስታጠቃቸው ከሶማሊያ ጦር ጎን የተሰለፈው ግንባር ነው። ባሻ የ3ኛ ክፍለ ጦር ሰው፣ አሥር አለቃ። «እነሱ ጋ ውሃ አልቆ ነበር» አሉ ሐጂ። «አንድ ኮዳ ለአምስት ሰው። እሱ ነው ይዞ የሚያዳርሰው፤ በክዳኑ እየለካ። አንዱ ቆስሎ ስለነበር ለእሱ ሁለት ክዳን ይሰጣል፣ ሌሎቹ ይቆጣሉ። ሁለታችንም የምንፈራው ንጋቱን ነበር። እሱ ሲነጋ ታንኩ ይመጣል ብሎ፣ እኔ ሲነጋ አውሮፕላኑ ይመጣል ብዬ።»

ልጅቷ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ በእጇ ኮዳ ይዛ ነበር። የወታደር ኮዳ፣ ጨርቁ አልቆ ቆርቆሮው የቀረ። ባሻ በየማታው ሞልተው ራስጌያቸው ያስቀምጡት ነበር። ቤተሰቡ «የድሬዳዋ ቧንቧ አይታመንም ብለው ነው» ይል ነበር፤ የእኛ ቧንቧ ደግሞ እንደምታውቁት ለዚህ ወሬ በቂ ምክንያት ሰጥቶናል።

እኔ የጠየቅኩት ሌላ ነገር ነው። «ሐጂ፣ ይህን መቼ አወራችሁ?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ የካቲት 26 ቀን ሻይ ቤቱ ውስጥ ራዲዮው ስለ ካራማራ ይናገራል። ባሻ ተነሥተው ሄደው ድምፁን ቀነሱት። ሐጂ «ተወው ይናገር» አሏቸው። በእኛ ከተማ ሽማግሌም ሽማግሌን «አንተ» ነው የሚለው፤ ንቀት አይደለም። «ለእኔ ብለህ ነው የቀነስከው? እኔም እዚያው ነበርኩ።» ባሻ ቁጭ አሉ። ከዚያ፣ ሐጂ እንዳሉት፣ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አወሩ። የሁለቱም ልጆች ያልሰሙትን፣ ሚስቶቻቸው ያልሰሙትን፣ ለጠላታቸው አወሩት። ማን ይረዳኛል ብሎ ሰው ለቤተሰቡ ያወራል? እዚያ የነበረ ብቻ ነው የሚረዳው፤ እዚያ የነበረው ደግሞ ከማዶ የነበረው ሰው ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ የዘማች ታሪክ ስትጽፉ ይህን አትርሱ። ድንኳኑ ሥር የሚቀመጠው ለቅሶተኛ አንድ ዓይነት አይደለም። አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ ሶማሌውም፣ ሐረሪውም፣ ጉራጌውም እዚያው አንድ ንፍሮ ይቆነጥራል፤ የአንዳንዱ ወንድም በዚያ ወገን ነው የቀረው። ስለዚህ «ጠላትን ድባቅ መትተው» የምትለውን ዓረፍተ ነገር እኔ አልጽፍም። ፈሪ ስለሆንኩ አይደለም። ባሻ ራሳቸው ራዲዮውን የቀነሱት ሰው ናቸው፤ እሳቸው የቀነሱትን እኔ ቀብራቸው ላይ ልጨምረው?

የአባወራነቱን ነገር ደግሞ ላስተካክል፤ እሱም ላይ ዋሽቻለሁ። «ልጆቻቸውን በሥነ ሥርዓት ያሳደጉ» ብዬ ጽፌ ነበር። ከኦጋዴን በኋላ ክፍሉ ወደ ሰሜን ተዛወረ። ባሻ እስከ 1983 ኤርትራ ነበሩ፤ በዓመት ወይ በሁለት ዓመት አንዴ ለፈቃድ ይመጣሉ። ልጆቹን ያሳደገችው ሚስታቸው እትዬ ናት፤ ቀፊራ ገበያ ቃሪያና ቲማቲም እየሸጠች። ጦሩ በ1983 ሲበተን ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ወታደር ነው ባዶ እጁን ወደየቤቱ የተበተነው። ባሻም ጥቂቱን በመኪና፣ ብዙውን በእግር መጡ። በሩን ያንኳኩት ማታ ነው። ትልቋ ልጅ ከፈተችና «እማዬ፣ አንድ ጋሼ ይፈልጉሻል» አለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። እየሳቀች ነበር ስትጀምር።

እንግዲህ የባሻ አባትነት የተጀመረው ያን ማታ ነው ብል ይሻላል፤ በአርባዎቹ ዕድሜ፣ በማያውቋቸው ልጆች መካከል። እንዴት ተጀመረ? በጫማ። እሁድ ማታ የልጆቹን ጫማ ሁሉ በር ላይ ይደረድሩና ይጠርጋሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ በቁመት ያሰልፋሉ፤ ከትልቁ እስከ ትንሹ። ልጆቹ በመጀመሪያ ይፈሯቸው ነበር፤ የሚያወሩትም የላቸውም። ሰኞ ጠዋት ግን የሚያብረቀርቅ ጫማ አድርገው ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ሁለተኛው ልጅ ዛሬ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ባጃጁን ስታዩት ከሰፈሩ ባጃጅ ሁሉ ንጹሑ እሱ ነው። ባሻ ራሳቸው መጋዘን ዘበኛ ሆነው እስኪደክሙ ድረስ ሠሩ። ደመወዟ ትንሽ ነበረች፤ ፖስታውን ሳይከፍቱ ነበር ለእትዬ የሚሰጡት።

የአገልግሎት ማስረጃቸው አልነበራቸውም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ፣ ያ ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መጣ። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ አትረሱትም። ዝናቡ የዘነበው ከተማው ላይ አልነበረም፣ ከላይ ደጋው ላይ ነው፤ ሰው እንደተኛ ነበር ውሃው የደረሰው። ከ2 መቶ በላይ ሰው ሞቷል። የባሻ ቤት ሰው ሁሉ ተረፈ፤ ሣጥኑ ግን ሄደ፣ ከነወረቀቱ፣ ከነሜዳሊያው፣ በወታደር ልብስ ስቱዲዮ ከተነሡት ከአንዲቷ ፎቶ ጋር። በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደው «ማስረጃ ያምጡ» ተባሉ። «ማስረጃዬን ደቻቱ ጠይቁት» ብለው ተመለሱ። ይህን ራሳቸው አጫውተውኛል፤ ያኔ ሳቅኩ እንጂ «ምን የሚል ማስረጃ ነበር?» ብዬ አልጠየቅኩም። ምን ያህል ጊዜ በሩን ከፍተውልኝ እንዳልገባሁ አሁን ነው የሚቆጨኝ።

የፎቶ ነገር ካነሳሁ፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ትግላችን ሐውልት አለ። ጎኑ ላይ በኦጋዴን ጦርነት የሞቱ የኩባ ወታደሮች ፎቶ ተደርድሯል፤ ፊታቸውን ታያላችሁ፣ ወጣቶች ናቸው። ደግ ነገር ነው፤ ከባሕር ማዶ መጥተው የሞቱ ናቸውና ይገባቸዋል። የእኛዎቹ ፎቶ ግን በብዛት ያለው በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ ነው፣ ከልጅ ምረቃና ከሠርግ ፎቶ መካከል። እሱም ጎርፍ እስኪመጣ ነው።

ስለዚህ አሁን ምን እየሠራሁ እንደሆነ ልንገራችሁና ልጨርስ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2000 ምክር ቤታቸው ሕግ አውጥቶ የዘማቾቻቸውን ቃል በትልቁ ቤተ መጻሕፍታቸው ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ማንም የጎረቤት ልጅ ሽማግሌውን ቀድቶ መላክ ይችላል፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። እኛ ዕድር አለን። እያንዳንዱ ዕድር የአባላቱን ስም፣ የቤተሰቡን ቁጥር፣ የመዋጮውን ሒሳብ የያዘ መዝገብ አለው። እኔ በመዝገቡ ጀርባ ሌላ ደብተር ከፍቻለሁ። ስልክም አለኝ፤ እሱ ይቀዳል።

የተማርኩት ነገር ቢኖር አጠያየቁን ነው። መጀመሪያ ወር «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» እያልኩ ነበር የምጠይቀው። «እንግዲህ ጦርነት ነው» ይሉኛል፣ ያልቃል። «ሰው ገድለዋል?» የሚል ጎረምሳ ደግሞ አለ፤ እሱን ከአጠገቤ አስነሥቼዋለሁ። አሁን የምጠይቀው፦ ጫማው ምን ዓይነት ነበር? የመጀመሪያ ደመወዝ ስንት ነበር፣ ምን ገዙበት? ደብዳቤ ማን ይጽፍልዎት ነበር? ምሽግ ውስጥ ከጎንዎ የነበረው ልጅ የየት አገር ሰው ነው? ጫማው ላይ ሲደርሱ ሁሉም ይናገራሉ። አንድ አባት ስለ ሸራ ጫማ ብቻ አንድ ሰዓት አወሩኝ፤ በመሃል ሳያስቡት የአፋቤት ውጊያ ውስጥ ገቡ፣ መጋቢት 1980፣ በየት በኩል እንደወጡ፣ ከማን ጋር እንደወጡ፣ ማንን ትተው እንደወጡ። እዚያ ላይ ሲደርሱ ስልኩን አጥፋው አሉኝ፤ አጠፋሁት።

የባሻን ወረቀት ለአርባቸው እንደገና ጻፍኩት። «በተለያዩ ግዳጆች» የምትለዋ ወጣች። በቦታዋ ሲሚንቶ ፋብሪካው፣ ኮዳው፣ ሁለቱ ክዳን፣ ከሰሜን በእግር የመጡበት መንገድ፣ «አንድ ጋሼ»፣ የእሁዱ ጫማ ገቡ። ገጹ ሁለት ተኩል ሆነ። እትዬ «ረዘመ» አለች፤ ግን አንድም ቃል እንዲወጣ አልፈቀደችም።

አንብቤ ስጨርስ ሐጂ ከድንኳኑ ጥግ ጠሩኝ። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ትንሽ ዝም አሉ።

«የእኔንስ ማን ነው የሚጽፈው?» አሉ። «እኔ የዕድርህ አባል አይደለሁም።»

በማግሥቱ ደብተሩን ይዤ ከዚራ ሄድኩ። ጫማቸውን ጠየቅኳቸው። «ጫማ?» አሉ፣ «ማን ጫማ ሰጠኝ!» ብለው ጀመሩ። አርባ አንድ ገጽ ደርሰናል። ነገ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ እንቀጥላለን።